ትዝታ ደረሰኝ

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ነገ ጎህ ሲቀድ አራት ሆነን በሞተር ሳይክል ከደብረ ታቦር እንነሳለን! ጉናን አልፈን፣ በወልዲያ አድርገን አምባሰል፣ ከዚያ ባቲ። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙበትን አገር በዓይናችን ልናይ ነው። ከደስታዬ ብዛት ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። ዛሬ በአራቱ ቅኝቶች ስም ዕጣ ተጣጣልን፤ ስሙ የደረሰው ሰው አገሩ ሲደረስ ከፊት ሆኖ ይመራል። ሙሉቀን ያን የሚያህል ጢሙን ይዞ «አንቺ ሆዬ» ወጣለት፤ በሳቅ ፈረስን። «ቆንጆ ባየሁበት ሁሉ እመራለሁ» አለ። ለእኔ «ትዝታ» ደረሰኝ። ትዝታ የሚባል አገር የት አለ? ደግሞ ትዝታን ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ስድስት ዓመት ጠግቤዋለሁ። ወረቀቱን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ገብቼ ለአባዬ ባማርር፣ የሞተሬን ጎማ በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «መመለሻውስ?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ከባቲ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ ትዝታ ነው። ያኔ ከፊት ሁኚና ምሪያቸው። አገር መግባትን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

ወረቀቱን አውጥቼ አቃናሁት፤ ከሞተሬ የፊት መብራት በላይ ለጠፍኩት።