«ስማኝ» ብለው ጀምረው «ሰማኝ» ብለው ያረፉት የአቶ ሰማው አካለ ወልድ የሕይወት ታሪክ

ሬሳ ፊት ውሸት አይወራም። ስለዚህ እኔ፣ እንዳለው የምባል የአጎታቸው ልጅ፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ አንዲት ፊደል ያልተጨመረበት እውነት መሆኑን በቆረብኩበት ቃል አረጋግጣለሁ። የሚጠራጠር ካለ ከቀብር መልስ ያግኘኝ።

አቶ ሰማው ከአባታቸው ከመሪጌታ አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩአየሁ በ1955 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት እንደ ሌላው ሕፃን ቀጭን ሳይሆን ወፍራም ስለነበር አዋላጇ «ይሄስ ጎልማሳ ሆኖ ነው የመጣ!» ብላ ደንግጣለች። አባታቸው ግን «ፈጣሪ ጸሎቴን ሰማው» ሲሉ ስም አወጡላቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው ጉባኤ ገብተው ከፊደል እስከ ቅኔ ተማሩ። አባታቸውን እንደ ማንኛውም ተማሪ «የኔታ» ነበር የሚሏቸው፤ ሌላ አጠራር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለመዱም። ገና በጉርምስናቸው የዘረፉት አንድ ቅኔ ወርቁ እጅግ ከመጥለቁ የተነሣ፣ ፍለጋ የገቡ ሦስት መምህራን ታመው ተኝተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ሞጣ ለገበያ እንደ ወጡ የከተማውን የኪነት ቡድን ልምምድ አይተው እዚያው ቀሩ። ጊታሩን የሚሻማው ብዙ ነበር። ባለ አራት ክሩን ቤዝ ጊታር ግን «ድምፁ አይለይም» ብለው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበርና አቶ ሰማው አወረዱት። ወሬው ቢቸና ሲደርስ መሪጌታ በጉባኤው መካከል ቆመው፦

«ሌላው ስድስት ክር ሲይዝ የእኔ ልጅ አራት ይዞ ቆመ አሉ። ሁለቱን ማን ቀማው? ሰማው ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ፣ ከእንግዲህ አልሰማውም!» ብለው ማሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የአቶ ሰማው ሕይወት በሙሉ ያችን መሐላ ለማስፈታት የተደረገ ድካም ነው።

በ1984 ዓ.ም. ከሞጣው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ከድራም መቺው ከአቶ አብዱልዋሂድ ጋር «ነጎድጓድ» ባንድን መሠረቱ። የሚጫወቱት ፈንክ የሚባለውን ነው፤ ቤዙ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ሌላው እንደ ሰርገኛ ይከተላል። በማግሥቱ ዓመት ከወ/ሮ ይርጋነሽ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ትርሲትንና ሰገነትን አፍርተዋል።

የመጀመሪያው አልበማቸው «ስማኝ» በ1987 ዓ.ም. ወጣ። ካሴቱ ሉማሜ በደረሰ ዕለት በሬዎች በምቱ እየተራመዱ ስላረሱ የሳምንቱ እርሻ በአንድ ቀን አልቋል። አንድ ቅጂ ለየኔታ ተላከ። እሳቸው ሳይከፍቱት መስኮት ማስደገፊያ አደረጉት።

«ኧረ ስማኝ» በ1991 ዓ.ም. ተከተለ። ሮብ ገበያ ላይ ሚዛን ሁሉ በቤዙ እየዘለለ ገበያው ተበትኗል። ግንደወይን ላይ ስንት ዓመት አልጋ ይዞ የኖረ ሰው ተነሥቶ ጨፍሮ፣ ሲያበቃ ተመልሶ ተኝቷል። ይህም ካሴት ቢቸና ደረሰና ሁለተኛውን መስኮት አስደገፈ።

ዛሬ በእኛ አገር ቤዝ የያዘ ወጣት ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው። አመታታቸው «ሰማውኛ» ተብሎ ስም ወጥቶለታል፤ ሰማውኛ ካልተመታ ሙሽራ ከቤት አይወጣም። የባጃጅ ሾፌሮቻችንም መስታወታቸው እስኪረግፍ ይከፍቱታል።

ሦስተኛው አልበም «አሁን ስማኝ» ሊባል ታስቦ በ1996 ዓ.ም. ሞጣ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ በተገኘበት ተቀዳ። የዚያን ዕለት ከስንት ሽምግልና በኋላ መሪጌታ አካለ ወልድ ከቢቸና በአውቶቡስ መጥተው የፊቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አቶ ሰማው የመጀመሪያዋን ክር ሲነኩ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ፣ የቆርቆሮው ሚስማር ዘለለ፣ የመሪጌታ መቋሚያ በራሷ ተነሥታ መሬት መታች! ቢቸና ያለ ዶሮ ሁሉ ከቆጥ ወረደ። መሪጌታም ብድግ ብለው «ሰማሁህ!» ሲሉ ጮኹ፤ አልበሙም በእሳቸው ትእዛዝ «አሁን ሰማኝ» ተባለ።

አቶ ሰማው ባደረባቸው የስኳር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተዋል። በምድር ሲለምን የኖረውን ድምፃቸውን የሰማይ አምላክ በደጁ ይስማላቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሆኖም ትናንት ከመታተሙ በፊት ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሳነበው፣ ከሞጣ የመጡት አቶ አብዱልዋሂድ ቀስ ብለው የተናገሩትን ወ/ሮ ይርጋነሽ «ይሄንንም አስገባው» ስላሉ እነሆ፦

«እንዳለው ወንድሜ፣ አሳምረህ ጽፈሃል። ግን ያን ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ቤዙ ድምፅ አልነበረውም።»

«እንዴት ሆኖ?» አልኩ።

«የቤዙ አምፕሊፋየር ገና ሳንጀምር ጨሰ። ሰማው ግን ከመድረክ አልወረደም፤ የማይሰማውን ክር እስከ መጨረሻው መታ። እኛ ትከሻውን እያየን ነው የተጫወትን። ካሴቱን ክፈተው፣ ቤዝ የለበትም። አዳራሹም አልተንቀጠቀጠ፣ የኔታም አልጮኹ።»

ወ/ሮ ይርጋነሽ አንገታቸውን እንደ ደፉ «ጨርሰው፣ አብዱ» አሉ።

«ሲያበቃ የኔታ ጠሩኝና ‹ልጄ የቱን ነው የሚመታው? እኔስ አልሰማሁትም› አሉኝ። ‹ድምፁ ተቋርጦ ነው› አልኳቸው። ‹ታዲያ ሁላችሁም እሱን እሱን የምታዩት ምን ሆናችሁ ነው?› ‹እሱ ነዋ የሚመራን፣ የኔታ› አልኳቸው። ‹እንግዲያስ እኔ የሰማሁት ሰሙን ነው፤ ወርቁ እሱ ነው› ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

«ለሰማው ነገርኩት። የአልበሙን ስም ያን ጊዜ ነው የለወጠው፣ ራሱ። ‹ስ›ን ‹ሰ› አደረጋት፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።»