ሦስቱም ደፈረሱብኝ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ብሩክታይት፤

የሞጣው ጊዮርጊስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ይመስገነው፣ እዚህ ቢቸና ኬሚስትሪ ማስተማሬን አልተውሁም።

ትናንት አልኮልን ወደ አልካይል ክሎራይድ የመቀየር ሙከራ ነበረን። በሦስት ብልቃጥ ሦስት ዓይነት አልኮል ቀዳሁ። አሲድ ሲጨመርበት አንዱ ወዲያው ይደፈርሳል፣ ሌላው ቆይቶ፤ ሦስተኛው እንደጠራ ይቀራል። ደረጃቸው የሚለየው በዚህ ነው። ለእኔ ግን ገና አሲዱን ሳልጨምር ሦስቱም ደፈረሱብኝ።

«ያረጀ አልኮል ነው የላኩልን!» ብዬ ልደፋው ስል፣ ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ኧረ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው!» ብለው ሳቁ። ሁሉንም አስወጣኋቸው። የዛሬ ልጅ መምህር አያከብርም።

ለመሆኑ አባባ ዳዊታቸውን በሰው ማስነበብ የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ሲጽፉልኝ ፊደሉን ገዘፍ ያድርጉት። የሞጣ ቀለም ዘንድሮ ደብዝዟል።

በናፍቆት እጅ የሚነሳዎ ታናሽ ወንድምዎ
ስጦታው