ገንዳ ሙሉ ቢጫ አበባ

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

እማዬ አለቱን ስታይ ጫማዋን አወለቀች። "እንዲህ ያለ ቦታ በጫማ አይረገጥም" ብላ ነጠላዋን አጣፋች፣ ካልሲዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ የቮለንተር ሰደርያዬን ለብሼ "ያቃጥልሻል እማዬ" እላለሁ። ማን ይሰማኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምጠፋ ስትጠይቀኝ ኖራ ዛሬ አመጣኋት። ሊቶኒያ ካለው ቤታችን በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ግራጫ ድንጋይ፣ እዚህም እዚያም ዝናብ የቦረቦራቸው ጎድጓዳ ቦታዎች። ሬንጀሮቹ፣ የቦታው ጠባቂዎች፣ የራሳቸውን ስም ሰጥተዋቸዋል፣ እኔ ግን ገበቴ እላቸዋለሁ። ገበቴው ውስጥ ስስ አፈር፣ አፈሩ ላይ ሌላ ቦታ እንደ ልብ የማይገኙ ተክሎች። የእኔ ሥራ ሰው ገበቴው ውስጥ እንዳይገባ መለመን ነው። በሌላው ቀን ደንዉዲ ሰፈር የአንድ አዛውንት ቤት እየሄድኩ እሳቸውን እንከባከባለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ድንጋይ።

ቢጫዎቹ አበቦች ዛሬ ፈንድተዋል። ከሩቅ ሲታይ ድንጋዩ በራሱ ብርሃን የሚያወጣ ይመስላል። እማዬ አንዱ ገበቴ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"አደይ ናት" አለች በመጨረሻ።

"አደይ አይደለችም፣ የሩቅ ዘመዷ ናት።"

"ዘመድ ከሆነች ምን ቸገረሽ!"

ዳርሊን የድጋፍ ደብዳቤውን እጽፍልሻለሁ ብላለች። ዳርሊን የአለቱ ሬንጀር ናት፣ ጸጉሯ ሙሉ ሽበት፣ ጉልበቷ ከእኔ ይበረታል። ደብዳቤው ለኮሎራዶው ሥራ ነው፤ ዛፍ እንኳን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ሰው የረጋገጠውን ሜዳ መልሶ ሣር ማልበስ። አንድ የዚህ አገር በጋ፣ ከሜይ ጀምሮ። ማመልከቻው ሐሙስ ይዘጋል፣ በእንቁጣጣሽ ቀን። ከዚህ በላይ የፈለግኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። ለሰው ስናገረው ግን አፍራለሁ።

(ማስታወሻ የምጽፈው በጳጉሜ ብቻ ነው። የዚህ አገር ካላንደር እነዚህን ቀኖች አያውቃቸውም። ሥራ እሄዳለሁ፣ ግሮሰሪ እገዛለሁ፣ በልቤ ግን ማንም ያልሰጠኝ ትርፍ ጊዜ ናቸው።)

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ጉድ ፈላ።

ከሥራ ገብቼ እጄን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ስገባ ገንዳው ሙሉ ቢጫ አበባ ነው። ውሃ ተሞልቶለት፣ ግማሹ ከነሥሩ፣ አፈሩ ታች ዘቅጦ። ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በጣም ያምር ነበር።

ከዚያ ገባኝ።

እማዬና ጓደኛዋ እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በእትዬ ዘነበች መኪና ወደ አለቱ ሄደው የነቀሉት ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጃገረዶች፣ ለእንቁጣጣሽ ይዘውት እንዲዘፍኑ። በየዓመቱ ከቡፎርድ ሃይዌይ ሱቆች የፕላስቲክ አበባ ነው የሚገዛላቸው፤ እማዬ ነገሩ ሁሌም ያንገበግባታል።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ክልክል ነው!"

"ማን ተክሎት ነው የሚከለክለው? እግዜር የዘራው ነው።"

"ሕግ አለው።"

"ታዲያ ዘበኛ የለውም እንዴ?"

"ዘበኛዋ እኔ ነኝ!"

ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው ምን ያስፈራሻል?" አለች።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ገላዬን ሳልታጠብ ተኛሁ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ። ሩፋኤል

ዝናብ። ሩፋኤል ቀኑን አልረሳም። እማዬ በረንዳው ላይ ወጥታ ፊቷን ሰጠችው። እኔንም ጎትታ አስወጣችኝ፣ ሥራ ሊረፍድብኝ። የዛሬ ዝናብ ጸበል ነው ትላለች። ጸጉሬ ረጥቦ ነዳሁ።

ሌሊት የኮሎራዶውን ሜዳ አየሁ። ስሄድ እግሬ ሣሩን አይነካም፣ አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ነበር የምራመደው፣ ምንም አልረገጥኩም። ስነቃ መጀመሪያ የታየኝ ገንዳው ነው።

በምሳ ሰዓት ዳርሊን ፎቶ ላከች። ባዶ ገበቴ። "አንድ ሰው ነቅሏቸዋል። ነገ ከሥራ በኋላ መምጣት ትችያለሽ? ያንቺ ዓይን ያስፈልገኛል።" እሺ ብዬ ጻፍኩ። እሺ ብቻ።

ብናገር፦ ደብዳቤው ይቀራል። ሰደርያውንም እመልሳለሁ። እማዬን ፖሊስ ይጠራባት ይሆን? በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚያ እንግሊዝኛዋ።

ሾላ በድፍን ብዬ ብተወው፦ ኮሎራዶ።

አዛውንቱ ዛሬ "ምን ሆነሻል፣ ሻዩን ሁለቴ አመጣሽልኝ" አሉኝ።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ አለቱ ይተናል፣ እንፋሎቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ደመና ላይ የቆምን ይመስል ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ቁጭ ብዬ አመሽ ነበር።

ዳርሊን ገበቴው ጠርዝ ላይ ተንበረከከች። እየነገረችኝ እጇ አፈሩን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመልሳል። ይህች አበባ ሥሯን ለከርሞ አታተርፍም፣ በዓመቷ ትሞታለች፣ የሚተርፈው ዘሯ ብቻ ነው። ዘሩ ደግሞ ገና አልበሰለም። ስለዚህ የነቀለው ሰው የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ወስዷል።

"ልጆች መስለውኝ ነበር" አለች። "ልጆች ግን ሁሉንም ረግጠው ነው የሚሄዱት። ይሄ ሰው አንዷን እንኳ አልረገጠም። ደግሞ ካበቡት ውስጥ የሚያምሩትን መርጧል። የሚወዳቸው ሰው ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን አለት ነው፣ አይከፈትም። "ያሳዝናል" አልኳት። ይሄው ነው ያልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አመሰገነችኝ።

መኪና ውስጥ ሬዲዮ ሳልከፍት ተመለስኩ። ራሴን ጠላሁት።

ጳጉሜ 5፣ ረቡዕ

ለእማዬ ነገርኳት። የሕጉን ሳይሆን የዘሩን።

"ዘሩ ሳይደርስ ነው?" አለች። እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጠች። የገበሬ ልጅ ናት እማዬ፤ ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ የዘር እህል አይነካም ይል ነበር አባቷ። አበባ ብቻ ነው ያየሁት አለች፣ አበባው ዓይኔን ጋረደኝ።

ከዚያ ከነሥራቸው ያሉትን ከገንዳው አንድ በአንድ አወጣች። አሮጌ ድስት፣ የቀለም ባልዲ፣ የእርጎ ዕቃ፣ የአበቦቹ ሥር እንዳይበሰብስ የሁሉንም ዕቃ ታች በሳች። በረንዳው ሞላ። አሸዋ አምጪ አለችኝ፣ ሄጄ ገዛሁ። ሥር የሌላቸውን ግን በእጇ ነካ ነካ አድርጋ ተወቻቸው። ለእትዬ ዘነበች ደወለች፦ "ዘኑ፣ ፕላስቲኩን አምጪው። አዎ፣ ፕላስቲኩን።"

"ነገ ጠዋት ሴትዮዋ ጋ ውሰጂኝ" አለች። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔ እናገራለሁ።"

"እማዬ፣ ማመልከቻው የሚዘጋው ነገ ነው። ዓርብ እንሂድ።"

"ዓርብ ምን የተለየ ነገር አለ?"

የአሸዋውን ከረጢት ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

"አዲስ ዓመት በውሸት አናስገባም፣ ትዕግስት።" በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ጳጉሜ አልቋል፣ ይሄን ግን ልጻፈው።

እማዬ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ የእርጎ ዕቃውን በሁለት እጇ እንደ ጽዋ ይዛ ነበር። ዳርሊን መኪናዋን እያቆመች ነው የደረስነው። እማዬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ዳርሊን ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት እሷም ጎንበስ አለች።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች እማዬ። "አበባውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የእርስዎ ድካም መሆኑን አላወቅሁም። ልጄ የለችበትም።"

ተረጎምኩ። "ልጄ የለችበትም" ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያንንም ተረጎምኩት። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ፦ ከእሁድ ጀምሮ አውቅ ነበር።

ዳርሊን የመኪናዋን ቁልፍ ኪሷ ከተተች። ወፍ ይንጫጫል።

"ማክሰኞ አጠገቤ ነበርሽ።"

"አዎ።"

"አዎ" አለች እሷም። ከዚያ፣ "ደብዳቤሽን ቅዳሜ ማታ ልኬዋለሁ።"

ቅዳሜ! ገንዳው ገና ባዶ ሳለ። አራት ቀን ሙሉ የፈራሁት ለተላከ ደብዳቤ ነው።

"ጥሩ ደብዳቤ ነው" አለች። "ደውለው ከጠየቁኝ ግን ይሄንንም እነግራቸዋለሁ።"

"ሁሉንም ንገሪያቸው" አልኳት። ከልቤ ነው። ደረቴ ቀለለኝ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ዳርሊን ወደ እርጎው ዕቃ ዞረች። አፈሩን በጣቷ ነካች።

"ሳንድ?"

"ሳንድ" አለች እማዬ። "ሊትል ዋተር።"

ሁለቱ እኔን ረስተው ዕቃው ላይ አቀረቀሩ። ቡናማ እስኪሆኑ በረንዳችን ላይ ይቆያሉ፤ ዘሩን እማዬ ራሷ አምጥታ እዚያው ገበቴ ውስጥ ትበትነዋለች። ይያዝ አይያዝ ዳርሊንም አታውቅም። ከያዘ እስከ ሜይ ድረስ በቅሎ ይታያል። ያኔ እኔ እዚህ ልሁን ኮሎራዶ፣ አላውቅም። ማመልከቻውን ከመኪናው ውስጥ ላክሁት።

ስንለያይ ዳርሊን ለእኔ ምንም አልሰጠችኝም፣ ፈገግታም። ለእማዬ ግን የቮለንተር ፎርም ሰጠቻት። አሁን ጠረጴዛው ላይ እየሞላሁላት ነው። አድራሻ ሞላን፣ ስልክ ሞላን።

"ይሄኛው ምን ይላል?"

"ምን ሥራ መሥራት ትፈልጊያለሽ ነው የሚለው።"

በረንዳውን አየት አደረገች።

"ዘበኛ በይው" አለች።