የእማማ ማዙ ዙፋንና የእኔ ሆድ

ኤፕሪል 3

ዛሬ ሁለት መቶ ኪሎ ቱና ዓሣ ብቻዬን ከጀልባ አወረድኩ። እሺ... ባልደረባዬ ቦረን በጅራቱ በኩል ይዞ ነበር። እሺ፣ ጋሪም ነበረ። ጋሪውን የገፋሁት ግን እኔ ነኝ።

መምህርቷ «በየቀኑ ጻፉ፣ እኔ አላየውም» ብላለች። እኔ ቲዬሻን፣ በስልሳ አራት ዓመቴ የማታ ትምህርት ጨርሼ ይኸው እጽፋለሁ። ከወንዶቹ አንደኛ ወጥቻለሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስኳር አለብህ ተብዬ ሜትፎርሚን ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ቀኔ። ስኳሩ ምንም አላለኝም፤ መድኃኒቱ ነው የጨረሰኝ። ሆዴ ውስጥ ገበያ ቆሟል። ዛሬም ቱናውን መሃል መንገድ ጥዬ ሽንት ቤት ሮጥኩ።

ኤፕሪል 20 የባሕር አምላካችን እማማ ማዙ፣ ማለት ምስሏ፣ ከቤተ መቅደሷ ወጥታ ወደቡን ትዞራለች። ዙፋኗን ስምንት ሰው በትከሻው ይሸከማል። የፊት ግራ እንጨት የእኔ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት! መንገዱ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። እኔ አሁን አርባ ደቂቃ መቆየት አልችልም። ምን ይዋጠኝ?

ኤፕሪል 5

ቦረን የዙፋኑ ተጠባባቂ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ትከሻው በር ያህላል፣ ዓይኑ ቦታዬ ላይ ነው።

«ጋሼ ቲዬሻን፣ ደህና ነዎት? ሆድዎ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

«የጀልባ ሞተር ነው።»

«ጀልባዋ እኮ ከወጣች ቆየች።»

ባለጌ።

ኤፕሪል 6

ዛሬ ስድስት ጊዜ።

ኤፕሪል 8

በሕይወቴ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያለማንም እርዳታ አነበብኩ። ጋዜጣ መስሏችሁ ነው? ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን ወረቀት ነው። ተቅማጥ... አቤት! ማቅለሽለሽ... አቤት! የሆድ መነፋት... አቤት! አፍ ውስጥ ብረት ብረት ማለት... አቤት! ክፍል ውስጥ ስም የሚጠራ ነው የሚመስለው። አንድም ቀሪ የለም።

ሚስቴ ሜይጁ «እስከ ታች አንብበው እንጂ» አለችኝ። የታችኛው ፊደል ደቃቅ ነው። በክፍልም እንዲህ ያለ ደቃቅ አልተማርንም።

«ባቆመውስ?» አልኳት።

«ሞክራትና ታየኛለህ!»

ኤፕሪል 9

እማማ ማዙን ላማክር ሄድኩ። ሁለቱን ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ እንጨቶች ይዤ ተንበረከክሁ። «እስከ በዓልሽ መድኃኒቱን ላቁም?» ብዬ ወረወርኩ። አንዱ በሆዱ፣ ሌላው በጀርባው ካረፈ እሺ ማለቷ ነው። ሦስት እሺ በተከታታይ መምጣት አለበት።

ሁለቱም በጀርባቸው ተጋድመው ተወዛወዙ። ሳቀች ማለት ነው። ደገምኩ። ሁለቱም በሆዳቸው፤ እንቢ። አሁንም ደገምኩ። ሳቀች። ምኑ ነው የሚያስቃት?

ጥያቄውን ቀየር አደረግሁት። «ባቆም አትቀየሚኝም፣ አይደል?» አንድ እሺ መጣ! ሦስት ይፈለጋል፤ ግን እሷም ሥራ አለባት፣ ለምን አደክማታለሁ።

ኤፕሪል 10

አቆምኩ። ሜይጁ ፊት አፌ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ከምላሴ ሥር። ከዚያ ወደ ቡት ጫማዬ።

ኤፕሪል 12

ሆዴ ጸጥ አለ። ታርቀናል። ሩዙ ሩዝ ሩዝ ይላል፣ ብረት ብረት አይልም። የአናናስ ኬክ አራት በላሁ። ቦረንን «ትከሻህን ለከርሞ አስቀምጠው» አልኩት። ከንፈሩን ነከሰ።

ኤፕሪል 14

ውሃ። አሁንም ውሃ። ባሕሩን ብጠጣው አልረካም። እግሬ እንደ እርጥብ ገመድ ከብዷል። ይሄ የምጽፈው ፊደል ለምንድነው የሚዋኘው? መስመሩ የት አለ?... ይብቃኝ።

ኤፕሪል 15

ልምምድ ነበር። በእማማ ፋንታ ዙፋኑ ላይ የሩዝ ከረጢት ጫንን። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ተንገዳገድኩ። ዙፋኑ በእኔ በኩል ዘመመ። ቦረን ዘሎ ገባና ያዘው።

የተሸካሚዎቹ አለቃ ቲያንፉ አብሮ አደጌ ነው። ክንዴን ይዞ ወደ ጥላ ወሰደኝ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ፀሐይ መታኝ።»

«ደመና ነው እኮ።» ዙፋኑን አየት አደረገ። «እሷን ብትጥላትስ?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ሜይጁ ቡቴን ገልብጣ ክኒኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸዋለች። አሥራ ሁለት። አልጮኸችም።

«ወንድምህ በዚሁ በስኳር እግሩን ሲቆረጥ ከሆስፒታል አዝለህ ያመጣኸው አንተ ነህ። አንተን ደግሞ ማን ሊያዝልህ ነው? እኔ? በዚህ ወገቤ?»

ነገ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ አልኳት።

ኤፕሪል 16

ጤና ጣቢያ። ሲስተር ሹፌን ጣቴን ወግታ ቁጥሩን አሳየችኝ። 391።

«ጋሼ፣ ይሄ የስኳር ልኬት ነው ወይስ የቤት ቁጥርዎ?»

«ማንበብ እችላለሁ፣ አትንገሪኝ።»

«መድኃኒቱን መቼ ነበር የሚወስዱት?»

«ሳይነጋ፣ ሥራ ስወጣ። ቀድሞኝ ሥራ እንዲጀምር በባዶ ሆድ። የማታውንም እንዳልረሳው አብሬ።»

ጭንቅላቷን ያዘች። «ጋሼ! ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር ነው እኮ! ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«የት ላይ?»

«ታች።»

ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ዓይኔ አስጠጋኋት።

«ደግሞ ሰው ሳያማክሩ ያቆማሉ?»

«እማማ ማዙን አማክሬያለሁ። እሷ ጋ ወረፋ የለም።»

«ምን አለችዎት?»

«ሳቀች።»

«ታዲያ ምን ታድርግ!»

ሐኪሙ ቀስ እያለ የሚሟሟውን ዓይነት አዘዘልኝ። በትንሹ ተጀምሮ የሚጨመር። «ሆድዎ እየለመደው ይሄዳል፤ እንቢ ካለ ወደ እኔ ይምጡ፣ ወደ ቡትዎ አይደለም» አለኝ። ለካ ሜይጁ ደውላ ነግራዋለች። ስለ ዙፋኑ ስጠይቀው በዋዜማው ስኳሬን ለክቶ እንጂ አሁን ቃል አልገባም አለ።

ኤፕሪል 18

ሁለት ጊዜ ብቻ! እራት መሃል ዋጥኩ። ሜይጁ አፌን አስከፍታ ከምላሴ ሥር አየች። በቅሎ የምትገዛ ነው የምትመስለው።

ለቲያንፉ ሁሉንም ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ «ሲመጣብህ ጥራኝ፣ አትደብቅ» አለኝ።

ኤፕሪል 19

204። ሐኪሙ «ውሃ እየጠጡ፣ እየተቀያየሩ ይሸከሙ፤ ካዞረዎት ወዲያው ይውጡ» አለ። ፊደሉም ቆሞልኛል።

ኤፕሪል 21

ትናንት! ሦስት ሰዓት ሙሉ የፊት ግራን ይዤ ሄድኩ። ከዚያ የመረብ ሠሪዎች መንገድ ላይ ሆዴ ጠራኝ።

«ቲያንፉ!»

«አሁን?»

«አሁን!»

አንዲት ሴትዮ ደጇ ላይ ፍራፍሬ ደርድራ እማማን ትጠብቃለች። «እናቴ፣ ሽንት ቤት!» ብያት ገባሁ። ዙፋኑ ደጇ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሴትዮዋ ስታለቅስ፣ ጎረቤቱ ሲንበረከክ፣ ርችቱ ሲተኮስ ውስጥ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሽንት ቤት ተቀምጦ እንዲህ የተከበረ ሰው አለ? ስወጣ ቦታዬ ገባሁና ጉዞ ቀጠልን።

አሁን መልሼ አነበብኩት። ይሄን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ታዲያ ማንን ነው የምዋሸው?

ልቅሶው፣ መንበርከኩ፣ ርችቱ እውነት ነው፤ እማማ በደጇ ስታልፍ የሆነ ነው። መቆሟን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ቦረን የፊት ግራዬ ሥር ገባ፣ ሄዱ። ስመለስ ቲያንፉ የኋላ ቀኝን ሰጠኝ። ለከርሞም እዚያው ነኝ፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

ቆማ አልጠበቀችኝም። ሱሪዬን እየታጠቅሁ ሦስት መንገድ ሮጬ ነው የደረስኩባት።