ከማኅተሙ ሥር ያለው ሰፈር

ለክቡር የከተማ ውበትና አቅጣጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና አብረዋችሁ የሚኖሩት እናትዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንደማያጥርዎት፣ ቢያጥርዎትም ስልክ የሚያነሳልዎት ሰው እንዳለ፣ ስልኩን ያነሳውም ሰው ቤትዎን የሚያገኝበት መንገድ እንዳለው ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፈርቻለሁ እንጂ ደህና ነኝ።

ምናልባት አላስታወሱኝ ይሆናል። የእንግዳ መቀበያዎን ግድግዳ ያስጌጠውን የከተማችንን ስዕላዊ ካርታ የሠራሁት ሽማግሌ ነኝ። በጉልምስናዬ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ሲለኝ ኮምፒውተር ላይ በብዕር የሚሳልበትን ፕሮግራም ማንም ሳያስተምረኝ፣ እየነካካሁና እየተሳደብኩ ተማርኩት። ዛሬ ለሙሽሮች፣ ለሆቴሎችና ለትምህርት ቤቶች፣ ልብስ ሰፊ በልክ እንደሚሰፋ፣ እንደየፍላጎታቸው ካርታ እሠራለሁ።

ሥራውን ሲያዙኝ አንድ ነገር ነግሬዎት ነበር። የመሐንዲስ ካርታ የሚለካ ነው፤ የእኔ የሚወደድ ነው። ልብስ ሰፊዎች በተሰበሰቡበት መንገድ ላይ ከፎቅ የምትበልጥ የስፌት መኪና እስላለሁ፤ እሷ እንድትገባም መንገዱን አሰፋለሁ፤ ጉብታውን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ወንዙንም ስሙ እንዲጻፍበት አጎብጠዋለሁ። ሰው አይቶት ፈገግ ይበልበት እንጂ መኪና አይነዳበትም። እርስዎም «አባቴ፣ ለግድግዳ እኮ ነው፤ ብቻ ይመር!» አሉኝ። አማረ። ከዚያ በኋላ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ካርታውን ከጠበቅኩት በላይ ስለወደዱልኝ አመሰግናለሁ። ፍቅርዎ ከግድግዳው አልፎ፣ በልክ የተሠራው አሮጌ ካርታ «ፊቱ የተኮሳተረ ነው» ተብሎ ከየቦታው እንዲወርድና የእኔው በየመጋጠሚያው፣ በውኃ ቧንቧ ጠጋኞች መጋዘን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአምቡላንስ ጣቢያው፣ ስልክ በሚቀበለው ሰው ፊት ለፊት እንዲሰቀል አዘዙ። በስልክ ውስጥ ያለው ካርታ እንደሆነ ሰፈራችንን ከድሮም አያውቀው፤ አስፋልቱ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ አሁን በእኔ የስፌት መኪና እየተመራ ነው። እንዲህ ያለ ክብር የደረሰው ሠዓሊ መኖሩን አላውቅም።

ሁለተኛ፦ ስለ ማኅተሙ አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ከበር ሆኖ የሚያይ ሰው እንዲያነበው በትልቁ ተሠርቶ፣ በግራ በኩል ከታች፣ «ባዶው ጥግ ላይ» እንዲያርፍ አዘዙ። ጥጉ ባዶ አለመሆኑን፣ ሰው እንደሚኖርበት፣ እኔ ራሴም እንደምኖርበት ተናገርኩ። «ጌጥ ብቻ ነው» አሉኝ። ያኔ ካርታው ለግድግዳ ብቻ ነበርና፣ ግድግዳ አይታመም፣ አምቡላንስ አይጠራ ብዬ ተስማማሁ።

የሥራዬን ጠባይ ላስረዳዎት። በዚህ ፕሮግራም ሁሉም ነገር እንደ ስስ መስታወት በሚደራረብ ገጽ ላይ ነው የሚሳለው፤ ሌየር ይሉታል። መንገዱ በአንዱ፣ ቤቱ በአንዱ፣ ዛፉ በሌላው፣ ማኅተምዎ ከሁሉ በላይ። እኔ ግን ከማኅተሙ ሥር ያለውን ምንም ሳላስቀር ስዬዋለሁ፤ የደረጃውን መንገድ፣ የአናጢውን ጎረቤቴን ሱቅ፣ የሰፈሩን ቦኖ፣ ሰማያዊውን በራችንን፣ ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥባትን ወንበር ሳይቀር። ቤቴ ተቀምጬ ማኅተሙን በአንድ ጠቅታ ሳጠፋው ሰፈሬ ብቅ ይላል። ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ግን የሚጠፋ ነገር የለም፤ ከእኛ በቀር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ስላለኝ አራተኛውን አስቀድማለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ማኅተሙን አጥፍቼ ያተምኩትን ካርታ ይዤ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብላኝ «አባባ፣ ማኅተም የሌለው ካርታ ሕጋዊ አይደለም» አለችኝ። ማኅተም ያለው ካርታ ላይ ደግሞ እኛ የለንም ብላት አዘነችልኝ፤ ሻይም አዘዘችልኝ። እንግዲያው ማኅተሙን ወደ ሌላ ጥግ ላዛውረው ብል፣ የጸደቀ ነገር አይነካም ተባልኩ። ወደ ድሮ ሙያዬ ተመልሼ፣ ቀስት ያለው ታፔላ ጽፌ ከደረጃው አፍ ላይ ቸነከርኩ። የውበት ሠራተኞችዎ በማግስቱ ነቀሉት፤ ምክንያቱም ቀለሙ ከካርታው ቀለም ጋር አይሄድም። የካርታውን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ። የእኔን ምርጫ ከእኔው ስለጠበቁልኝ ውለታዎን እንዴት እከፍላለሁ?

ሦስተኛ፦ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ ቆይታ ድንገት ቁጭ አለች፤ ትንፋሿም በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ ነፋስ ያፏጭ ጀመር። አፏ ውስጥ የምትነፋው የአስም መድኃኒት አላነሳት አለ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው፤ «የት ጋ ነው ቤትዎ አባባ?» አለኝ። ከደረጃው መንገድ በታች አልኩት። «ደረጃ የሚባል አይታየኝም፤ እዚያ ጋ ያለው ማኅተም ነው።» እኔም «ከማኅተሙ ሥር ነን! ከማኅተሙ ሥር!» እያልኩ ጮኽኩ። «አባባ፣ ይኼ የቀልድ ስልክ አይደለም» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

የሆነ ሆኖ አምቡላንሱን ላከው። አምቡላንሱም አቋራጭ ብሎ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ገባ፤ እኔ በገዛ እጄ ባሰፋሁት መንገድ። መንገዱ ካርታው ላይ ሰፊ ነው፤ መሬት ላይ ግን ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ አንዱ ጎኑን ይሰጣል። ከሁለት ግድግዳ መሐል ተቀረቀረ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወጥተው ወደኋላ ገፉት።

እኛ ዘንድ አናጢው ጎረቤቴ ገና ቀለም ያልነካው አዲስ በር ይዞ ሮጦ መጣ። ባለቤቴን በሩ ላይ አጋደምናት፤ የሰፈሩ ጎልማሶች አንስተው ደረጃውን ወጡ። እኔ የምሸከምበት ጉልበት ስለሌለኝ ጫማዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። በዚያ ትንፋሿ አንገቷን ቀና አድርጋ «አገሩን ሁሉ ስለህ ሚስትህን ረሳሃት አይደል?» አለችኝ። ሰዎቹ የምትቃዥ መሰላቸው። እየቀለደች ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ ከዚያም ወዲህ አልሳቅኩም።

እንዲሁ በሩ ላይ እንዳለች ሐኪም ቤት አድርሰናት ተርፋለች። ሐኪሙ «በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ አምጧት» ብሎ ሸኘን። ክቡር ሆይ፣ ያቺን «በሚቀጥለው ጊዜ» የምትለዋን ቃል ይዤ ነው የምኖረው። ጓዳ ገብታ ዝም ካለች እጣራለሁ። «ምን ፈለግህ?» ትለኛለች። «ምንም» እላለሁ። «እንግዲያው ተወኝ አንተ ሰውዬ፤ ትንፋሼን መቁጠር ጀመርክ እንዴ?» ትላለች። ጀምሬያለሁ። አናጢውም በሩን ላዘዘው ሰው ሌላ ሠርቶ ሰጥቶ፣ ያንን በር ከሱቁ ውጭ፣ በእኛ በር አቅጣጫ አስደግፎ አቆየው። ለምን እንዳቆየው ገብቶኛል። በአጠገቡ ላለማለፍ ግን በማዶ በኩል እዞራለሁ። በዕድሜዬ አለቃ ገሥጾኝ፣ ከመሰላል ወድቄ፣ ታስሬም አልፈራሁም ነበር። በር ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ማኅተሙ ከሰፈራችን ላይ ይነሳ። ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠብቅም። ፋይሉ በእጄ ነው፤ ሥራው አንድ ጠቅታ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ «እሺ» ማለት ብቻ ነው።

በጽሕፈት ቤትዎ ጥላ፣ ወይም በትክክል ለመናገር በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ተሸፍኜ የምኖር፣ በካርታው የሌለሁ፣ በመሬት ላይ ግን እስካሁን ያለሁ፣ አክባሪዎና ታዛዥዎ፣

ካርታ ሠሪው ሽማግሌ

ሳልዘነጋው፦ ትናንት ተናድጄ ማኅተሙን ኮምፒውተሬ ላይ ወደ እርስዎ ሰፈር አዛወርኩት። ልክክ ብሎ ገባ፤ እውነቴን ነው፣ ከእኛ ጥግ ይልቅ እዚያ ያምራል። ከሥሩ የዋለው ግን እናትዎ ፀሐይ የሚሞቁበት ሰገነት ነበር፤ ከተማውን ለመሳል በእግሬ ስዞር ከዚያ ላይ ሆነው «ውኃ ልስጥህ ልጄ?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ፋይሉን ሳላስቀምጥ ማኅተሙን ወደ እኛው መለስኩት። ለእርስዎ እናት እኔ ፈራሁ። ለእኔ ሚስት የሚፈራ ሰው ቢሮዎ ውስጥ ካለ፣ እባክዎን ስሙን ይላኩልኝ።