የመገነዣዬ ኩታ

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ልቤ እንደ ውርንጭላ እየዘለለ ነው ይህን የምጽፈው።

የልጅ ልጄ ቤዛ ለመመረቂያ ሥራዋ የፈረሰውን ሰፈራችንን እንደ ካርታ በክር ትጠልፋለች፤ ጨርቁም ከየዘመዱ የለቀመችው አሮጌ ልብስ ነው። የጎደላት የሸማኔው አባቴ ሥራ ብቻ ነበር። እሱ ከሸመነው የተረፈው ደግሞ ለመገነዣዬ ብዬ ሣጥን ውስጥ ያኖርሁት ኩታ ነው።

«አባባ፣ እሱንስ አልጠይቅዎትም» አለች፤ ዓይኗ ግን ከሣጥኑ አልተነቀለም።

«ታዲያ መቼ እንድሞትልሽ ነው?» አልኋት። ደንግጣ ልታለቅስ ደረሰች።

«አንቱ ሰውዬ፣ ልጅቱን አያስጨንቋት» አለች ባለቤቴ።

ኩታውን አውጥቼ ከነመቀሱ ለቤዛ ሰጠኋት። አሁን ደግሞ ባለቤቴ ደነገጠች። «በምን ሊገነዙ ነው?»

«ደምበጫ ላለው ሸማኔ አዲስ አዝዛለሁ። እሱ እንደሆነ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅ፣ ገና ብዙ እኖራለሁ።»

ቤዛ እየሳቀች ኩታውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና አባቴ እግሩን አስገብቶ ይሸምንበት የነበረው ጉድጓድ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዛሬ ባንክ ቆሞበታል። ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ፣ መንገዱ እዚያ ብለን ኩታው ላይ ለካንና ቦታውን በጣቴ ያዝሁላት። ጣቴን ሳላነሣ በመርፌዋ ቀይ ክር እዚያው አስገባች።