የሚበታተነው ጥፍጥፍ

ቢቸና፣ ሰኞ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት

የጠዋቱ ሂሳብ፦ ተጠፍጥፎ መጥበሻ ከገባው ሥጋ አብዛኛው ተበታተነ፣ ሁለቱ አረሩ፣ አንዱ ብቻ ቅርጹን ይዞ ወጣ። እሱንም ድመቷ ወሰደችው።

ጌትዬ፣

በሞት ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሆነን። ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ በናፍቆት ይጀምራል፤ እኔ ዛሬ የምጀምረው በንዴት ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ በየበዓሉ ሥጋውን ፈጭተህ፣ ጠፍጥፈህ፣ ጠብሰህ ስታቀርብ አንድ ቀን እንኳ «ነይ እዪ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው» አላልከኝም። እኔም በበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ ነኝ፤ ቤት ስገባ ጥፍጥፉ ሰሃን ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። እኔ እህል ልሸጥ፣ አንተ ሥጋ ልትጠብስ ተከፋፍለን ነበርና ለመጠየቅም አላሰብኩም።

የቤቱን ልንገርህ። የመጋዘኑ ጣሪያ ተጠግኗል። ጤፉ ጥሩ ይሄዳል፤ የዘንድሮው ሽምብራ ግን ነቀዝ አለበት። ወጥ ቤቱን ቀለም አስቀብቼ ዕቃውን አቃለልኩ፤ ምድጃው አጠገብ መንገድ የሚዘጋውን፣ አንድ እግሩ የሚወላገደውን በርጩማህንም መጋዘን ውስጥ ጣልኩት። ልጃችን ማስተዋል ከባሏ ጋር ሞጣ ነች። ለበዓል ብቻ ይመጡልን የነበሩትን እናትህንም፣ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ከዚያው ከሞጣ ጠቅልዬ እኔ ዘንድ አምጥቻቸዋለሁ።

የሚያናድደኝም የእሳቸው ነገር ነው። እማማ ጥርሳቸው ማለቁን ታውቃለህ፤ ሥጋ የሚቀምሱት የአንተን ጥፍጥፍ ብቻ ነበር። የፋሲካ ለት ዶሮ ባቀርብላቸው መረቁን በእንጀራ ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ከዚያ ወዲህ በሽሮ ብቻ ናቸው፤ ሽሮውንም ቢሆን ለእኔ ሲሉ ነው የሚጎርሱት። ክንዳቸውን ስይዘው አጥንቱ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ «ሕመም የለባቸውም፣ በደንብ ይብሉ» ብሎ ሸኘኝ። እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ።

ነጋዴ ነኝና ኪሳራ ሲገጥመኝ ከየት እንደመጣ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ሥጋውን ጠረጠርኩ፤ ከቅርጫው የደረሰኝን ትቼ ቀዩን መርጬ ገዛሁ። ተበታተነ። እንቁላል ጨመርኩ፤ ተበታተነ። የዳቦ ፍርፋሪ ጨመርኩ፤ እንደ ገንፎ ሆኖ መጥበሻው ላይ ተጣበቀ። መጥበሻ ቀየርኩ። በየጊዜው እማማን ሳሎን ሶፋው ላይ በትራስ ደግፌ፣ የተሻለችውን ፍርፋሪ በጥሩ ሰሃን አቀርባለሁ። እሳቸውም በየጊዜው በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» ይሉኛል። ሳይበላ የጠገበ ሰው ምን ይደረጋል?

ዛሬ ማስተዋልና ባሏ ለምሳ መጡ። ልጅህ ገና ከመግባቷ መጥበሻውን ጎንበስ ብላ አይታ «እማዬ፣ ይሄ ጥፍጥፍ ነው ፍርፍር?» አለችኝ። ባሏ ሊያስታርቅ ፈልጎ «ፍርፍርም እኮ ይጣፍጣል» ሲል፣ «አንተ እንግዳ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት። ሰው ላይ እንዲህ መጮህ አላበዛም፤ የመጥበሻው ጭስ ግን ዓይኔን አቃጥሎኝ ነበር።

በዚያ ጭስ ውስጥ እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ኧረ እማማ፣ ጭስ ነው፣ ሳሎን ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ሳሎን ምን አለኝ? በርጩማዬን የት አደረግሽው?»

በርጩማዬን አሉ፤ እኔ የአንተ ነበር የሚመስለኝ። ማስተዋል የባቄላ ጆንያ ጎትታ አስቀመጠቻቸው። ጥሬውን ሥጋ ቆንጠር አድርገው በድዳቸው አላመጡትና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ ውሃ ነው። ሽንኩርቱን ሳትጨምቂ ነው የከተትሽው? ጌትነትም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ካልጮህኩበት አይጨምቅም።» ከዚያ የተከተፈውን ሽንኩርት በነጠላ ጨርቅ አስጨመቁኝ፤ ጭብጥ በሶ አስጨመሩኝ፤ እጄ ላይ እስኪጣበቅ አሳሹኝ። እንደገና ቀመሱ። «አሁን ጥበሺው» አሉ። ጠበስኩት። አንዱም አልተበታተነም።

ጌትዬ፣ አንተ ላይ የተናደድኩት ይሄኔ ነው። ሙያው የአንተ ነው ብዬ ስፈልገው፣ ባለሙያዋ በትራስ ደግፌ ያስቀመጥኳቸው እናትህ ናቸው ለካ። በየበዓሉ እኔ ገበያ ሳለሁ እሳቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ያዙሃል፣ አንተ ትጠብሳለህ፤ የሠሩትን ደግሞ ይበላሉ። ገበያ ላይ ባቄላዬን ሳይቆረጥም የሚገዛኝ ሰው የለም፤ እኔም «ቅመስ» ብዬ ነው የምሸጠው። እናትህን ግን አከበርኩ ብዬ ከወጥ ቤት አርቄ፣ ያልቀመሱትን ነገር «ይብሉ» እያልኩ ስለምናቸው ከረምኩ። ይህን አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ከፋሲካ እስከ ዛሬ አይከሱም ነበር።

እማማ በሉ። አንድ ሙሉ በሉና ሁለተኛውን አጋምሰው በሰሃን ከደኑት፣ «የነገ ነው» ብለው። ማስተዋል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ደግሞ ምስጋና ስጠብቅ «ጨው አንሶታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አንሶታል።

አልረሳህም ብዬ ብጽፍ ባዶ ቃል ይሆንብኛል። ሽንኩርት ይዤ በጨመቅኩ ቁጥር ግን ስምህን እጠራለሁ፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቁጣው ሲወጣልኝም በሌላ። ይህን እንደ ቃል ቁጠርልኝ።

ነገ፦ ገበያ ሳልወጣ በርጩማውን ከመጋዘን አውጥቼ አናጢው ዘንድ ማድረስ። የሚወላገደው እግር ይጥበቅ፤ ሌላው እንዳለ ይሁን።